«ቤቶች!» ሲባል የምትጮኸው ወፍ

ጠጋ በሉ፤ ይህን ጮክ ብዬ ባወራው የሙያ ጓደኞቼ አይወዱልኝም። ወፍ አራብተን የምንሸጥ ሰዎች ለደንበኛ ደጋግመን የምንላት አንዲት ነገር አለች፦ «ጨዋ ናት።» ደንበኛው ጎንበስ ብሎ ወደ ሽቦ ቤቱ ያያል። ወፏ ቁጭ ብላለች፤ ድምፅ የላትም፤ ዓይኗን አፍጥጣ ታየዋለች። እውነትም ጨዋ! ሒሳቡን ይከፍላል፣ በካርቶን አስይዘን እንሸኘዋለን። ከሳምንታት በኋላ ስልክ ይደወላል፦ «ኧረ ይቺ ወፍ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤቱን በጩኸት ልታፈርሰው ነው፤ ምን ነክቷት ነው?»

ምንም አልነካትም። በገዛችኋት ቀን ዝም ያለችው ፈርታ ነው። ትንሽ ወፍ፣ አዳኝ አጠገቧ ሲደርስ፣ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ላባዋን ወደ ገላዋ ታጣብቃለች፣ አንገቷን ትመዝዛለች፣ ቀጥ ትላለች። ጨዋነት ብለን የሸጥንላችሁ ይህንን ነው። በዚያ ላይ እኛ ዘንድ ብቻዋን አልነበረችም። በጂው፣ ኮካቲሉ፣ ላቭበርዱ፣ የበቀቀን ወገን ሁሉ ዙሪያዋን ሲንጫጫ ይውላል። ለወፍ የጓደኞቿ መንጫጫት ሰላም ነው፤ የሚያስደነግጣት ሁሉም ባንዴ ዝም ሲል ነው። እናንተ ቤት ስትገባ ያ ጫጫታ ይቀራል። ፀጥ ያለ ሳሎን ይጠብቃታል፤ ከዚያ ድንገት የማታውቀው ወፍራም ድምፅ ይመጣል።

ታዲያ ለምን ከሳምንታት በኋላ? እናንተን እንደ መንጋዋ መቁጠር ስለጀመረች ነው። ሰው ሁሉ ወፏ በእንግዳው ላይ የምትጮህ ይመስለዋል። አይደለም። የምትጮኸው ለእናንተ ነው፤ «የማላውቀው መጣ፣ ተጠንቀቁ» እያለቻችሁ ነው። እንግዳው ቢቀየምም ወሬው ለሱ አልተላከም።

ደግሞ ታውቃለች ወይ ካላችሁ፣ አዎ ታውቃለች። ክላውዲያ ዋሸር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት ለቁራዎች የተቀዳ የሰው ድምፅ አሰምታ ነበር። አንዱ ቁራዎቹ የሚያውቁት ሰው ድምፅ ነው፣ ሌላው የማያውቁት። የበለጠ ንቁ ሆነው ምላሽ የሰጡት ለማያውቁት ድምፅ ነበር። ቁራ የበቀቀን ዘመድ አይደለም፤ ቢሆንም በቀቀን በድምፅ ጉዳይ ከቁራ የሚያንስ ወፍ አይደለም። ድምፅን ሰምቶ መልሶ የሚሠራ ፍጡር ድምፅን ከድምፅ ለይቶ ቢያውቅ አይግረማችሁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንግባ። ቡራዩ ለወፍ ቀላል ቦታ አይደለችም። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወጣው መንገድ መሃል ለመሃል ያልፋታል፤ ከባድ መኪናው፣ ባጃጁ፣ የታክሲ ረዳቱ ጥሪ ከንጋት ይጀምራል። ይኼ አያሳስባችሁ፤ ሳያቋርጥ የሚሰማና ምንም የማያመጣ ድምፅን የወፍ ጆሮ ቶሎ ይተወዋል። አሸዋ ሜዳ ወይም ከታ ውስጥ ለውስጥ ስትገቡ ያለው ግን ሌላ ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ የብረት በር፣ የታሰረ ውሻ፣ በአንድ ግቢ ብዙ ተከራይ። በሩ በጡጫ ይደበደባል። ውሻው ይነሳል። «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከቤት አንዱ «ማነው?» እያለ ይሮጣል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ሰላምታውና ሳቁ ይቀልጣል፣ ከዚያ ከሰል ይቀጣጠላል። ከዚህ ሁሉ እናንተ ልብ የምትሉት የእንግዳውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ወፏ የምትጮኸው ያኔ ስለሆነ። እሷ ግን ሰንሰለቱን ከመጀመሪያው ቀለበት ጀምራ ይዛዋለች። በሩ ሲመታ ላባዋ ተጣብቋል። ውሻው ሲጮህ አንገቷ ተመዟል። «ቤቶች!» ሲባል በቃ።

ይህን የምለው ከምን ተነስቼ እንደሆነ ልንገራችሁ። «ቆራሌው!» እያለ በበራችሁ የሚያልፈውን ሰው አስተውሉ። ድምፁ ከማንም እንግዳ ድምፅ ይበልጣል፤ ሰውየውም በየቀኑ ያው ላይሆን ይችላል። ብዙ ወፎች ግን እሱን ከለመዱ በኋላ ዞር ብለውም አያዩት። ለምን? ያልፋላ! ቤት አይገባም፣ ወንበር አያስጎትትም፣ ማንንም አያስሮጥም። እንግዳው አማርኛ ይናገር ኦሮምኛ ለወፏ ለውጥ የለውም፤ ከድምፁ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው ነገሩን የሚያከርረው።

ከሚመጡት ነገሮች ሁሉ ደግሞ ሻጭ ፈጽሞ የማይነግራችሁ አንድ አለ፦ ጭሱ። እንግዳ ከመጣ ቡና ይፈላል፤ ቡና ከተፈላ ከሰል አለ፣ የሚቆላው ቡና ጭስ አለ፣ ዕጣን አለ። የወፍ መተንፈሻ እንደኛ ሳንባ ብቻ አይደለም። ከሳንባዋ ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች በገላዋ ውስጥ ተዘርግተዋል፤ አየሩ በሳንባዋ በአንድ አቅጣጫ ይፈስሳል፣ ስትስብም ስታስወጣም ሳንባዋ አዲስ አየር ያገኛል። ለመብረር የሚጠቅማት ይኸው አሠራር መርዝንም ቶሎ ያስገባባታል። የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ካናሪ የተባለችውን ትንሽ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው፤ ሽታ የሌለው የከሰል ጋዝ ሲኖር ከሰው ቀድማ ስለምትወድቅ። እናንተ ደግሞ ሳሎን ውስጥ በሩን ዘግታችሁ፣ ያውም በክረምት ብርድ፣ ከሰሉን ወፏ ሥር ታስቀምጣላችሁ። እንግዳ ማለት ለእሷ ትንፋሽ የሚያጥርበት ሰዓት ሆኗል። ብትጮህ ትፈርዱባታላችሁ?

ፈትኑት። አንድ ቀን የሚቀርባችሁን ሰው ጥሩና ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉ፤ ወይም ወፏን ቡናው ከመቆላቱ በፊት ሌላ ክፍል አስገብታችሁ በሩን ዝጉ። ጩኸቱ ከቀነሰ ግማሹ ምክንያት ተገኘ። የማይጣበቅ ሽፋን ያለው መጥበሻም ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፤ ስለዚህ ወፍ ኩሽና አጠገብ አይቀመጥም። ካነሳሁት አይቀር፦ ልጆች ከቡናው ቀምሰው እንዳያቀምሷት፣ አቮካዶም እንዳይሰጧት። ሁለቱም ለወፍ መርዝ ናቸው።

ስትጮህ የቤቱ ሰው ምን ያደርጋል? ሦስት ነገር ያደርጋል፤ ሦስቱም ያባብሳሉ። አንደኛ «ዝም በይ!» ብሎ ይጮኻል። ወፏ የሰማችው መንጋዋ አብሯት መጮሁን ነው፤ እንግዲያው አደጋው እውነት ነው ማለት ነው። ሁለተኛ በጨርቅ ይሸፍናታል። የምትፈራውን ድምፅ እየሰማች ዓይኗ ሲጋረድ ፍርሃቷ ይብስባታል፤ አንዳንዷ ድምጿ ቢጠፋም በጨለማው ክንፏን ከሽቦው ጋር ታጋጫለች። ሦስተኛ ደግሞ ይስቃል። ልጆቹ ይሰበሰባሉ፣ እንግዳው ጣቱን በሽቦው አስገብቶ ያፏጫል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ይህ ከሰነበተ ወፏ ከፍርሃት ጩኸት ሌላ የትኩረት ጩኸት ትማራለች።

ሁለቱን ጩኸት መለየት የሙያችን ትልቁ ምሥጢር ነው፤ በነፃ ልስጣችሁ። ፈርታ የምትጮህ ወፍ የምታየው እንግዳውን ነው፤ ላባዋ የተጣበቀ ነው፣ ወደ ኋላ ትሸሻለች፣ የሱፍ ፍሬ ብትሰጧት አትነካም። ኮካቲል ከሆነች ጉትያዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ትኩረት ፈልጋ የምትጮህ ግን የምታየው እናንተን ነው። ትጮኻለች፣ ቆም ትላለች፣ ታያችኋለች፣ ደግማ ትጮኻለች። ይቺኛዋን አለማየት ይሠራል። ፈርታ የምትጮኸውን ግን እያዩ እንዳላዩ መተው ጭካኔ ነው፤ እንግዳውን አርቁላት ወይም እሷን ውሰዷት።

ትምህርቱ የሚጀመረው እንግዳ በሌለበት ቀን ነው። እንግዳው በር ላይ ቆሞ ወፍ ማስተማር አይቻልም። መጀመሪያ ሱፉን ከዕለት ምግቧ አውጡት። እኛ ሻጮች ሱፍ የምንሞላላት ስለምትወደውና ለዓይን ስለሚያምር ነው እንጂ ለጤናዋ ብለን አይደለም፤ ቅባቱ ብዙ ነው፣ ዘወትር ከበላችው ያወፍራታል፣ ጉበቷንም ይጎዳል። ለዕለቱ ዳጉሳና ማሽላ፣ ቆስጣና ጎመን፣ የተፈቀፈቀ ካሮት ይበቃታል። ሱፉ ለትምህርቱ ይቀመጥ። ለበጂ ከሆነ ፈልፍላችሁ፣ ሰባብራችሁ።

ከዚያ የምታውቀው የቤቱ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ በዝግታ «ቤቶች» ይበል፤ ወዲያው አንድ ፍሬ ጣል ያድርግላት። ቃሉ ይቅደም፣ ፍሬው ይከተል፤ ከተገላበጠ አይሠራም። ጥቂት ጊዜ ደጋግሞ ይተዋት፤ ረጅም ትምህርት ወፍንም ሰውንም ያሰለቻል። በማግስቱም እንዲሁ። «ቤቶች» ሲባል አንገቷን ወደ ምግብ ዕቃዋ ማዞር ስትጀምር ገብቷታል። አሁን ያው ሰው ከክፍሉ በር ላይ ይበለው፤ ቀጥሎ ከበረንዳ፤ ቀጥሎ ከግቢ በር። የበሩን ነገር ለብቻው አስለምዷት፦ መጀመሪያ በጣት ጠረጴዛ ማንኳኳት፣ ከዚያ የቤቱን በር፣ በመጨረሻ የብረቱን። ሁለቱን የምታገናኙት ለየብቻ ከለመደቻቸው በኋላ ነው። ከውሻው ጋር ምን ይደረግ ብላችሁ አትጠይቁኝ። የውሻው ሥራ መጮህ ነው።

የማታውቀውን ድምፅ ከየት እናምጣ ለሚሉ፣ ቴሌግራም ለምን ተፈጠረ! ለአጎታችሁ፣ ለሥራ ባልደረባችሁ፣ ክፍለ ሀገር ላለች እህታችሁ «ቤቶች! ብለሽ በድምፅ ላኪልኝ» በሉ። ይሳቅባችሁ፣ ምንም አይደል። የተላከውን ድምፅ በስልኩ ዝቅተኛ መጠን ክፈቱ፣ ፍሬውን አስከትሉ፣ በየቀኑ በጥቂቱ ከፍ አድርጉ። ከሁሉ የሚያስቸግራት የወንድ ወፍራም ድምፅ ከሆነ ለመጨረሻ አቆዩት። መለኪያችሁ የምግብ ዕቃዋ ነው፦ ፍሬውን አንስታ ከፈለፈለች ቀጥሉ፤ ካልነካችው ቸኩላችኋልና ወደ ትናንቱ ተመለሱ። «ትንሽ ጨክኑባት፣ ትለምዳለች» የሚል ሰው በመካከላችሁ አይጠፋም፤ እሱን ሻይ እንዲያፈላ ላኩት።

ለዝምታዋም ክፈሏት። ትኩረት ፈልጋ ስትጮህ ማንም አይዙር፣ አይናገር፣ አይሳቅ። ለትንፋሽ እንኳ ቆም ስትል ያኔ በስሟ ጥሯት፣ ፍሬ ስጧት፤ ቀስ በቀስ የዝምታውን ጊዜ አርዝሙት። መጀመሪያ ጩኸቱ ይብሳል፤ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ለምን አልሠራም ብላ ነው። ብዙ ቤት እዚህ ላይ ተሸንፎ ይዞራል፤ የዞረ ቤት ደግሞ ያስተማራት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ረዘም አድርጎ መጮህ።

ከጩኸቱ ምትክ አንድ ድምፅ ስጧት። አጭር ፉጨት ትሁን፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ያቺኑ ይያዝ። ሲገባም ሲወጣም፣ ከኩሽናም ሆኖ ያፏጭላት። ካርል በርግና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ቬንዙዌላ ውስጥ በትናንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ጫጩቶች ከመንጋው የሚጠራሩበትን የየራሳቸውን ድምፅ ከወላጆቻቸው እንደሚማሩ አሳይተዋል። የበቀቀን ወገን በመጠራራት ነው የሚኖረው። እንግዳው ገብቶ ሁላችሁም ወደ እሱ ስትዞሩ ያቺ ፉጨት አንድ ጊዜ ከተሰማቻት «አለንልሽ» ተባለች ማለት ነው።

የሽቦ ቤቷ ቦታስ? የእኛ ሰው ወፍን የሚያስቀምጠው ለእንግዳ እንድትታይ ነው፤ ከቡፌው አጠገብ፣ ከበሩ ትይዩ። ወደ ጥግ አዙሯት። ጀርባዋ ግድግዳ ያግኝ፣ በሩን ከጎን ትየው፣ የሽቦ ቤቷ ከፍታ ከተቀመጠ ሰው ራስ አይነስ። መስኮት ላይ አታስጠጓት፤ የቡራዩ ሌሊት ይበርዳል፤ ማታ ሦስቱን ጎን በጨርቅ ሸፍኑላት። ይህ በጩኸት ሰዓት ከሚደረገው መሸፈን የተለየ ነው፤ ይሄኛው ለእንቅልፍ ነው። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚዘልቅ ጨለማና ፀጥታ ያስፈልጋታል። ቴሌቪዥኑ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጮህባት ያደረች ወፍ በማግስቱ በእንግዳ ቀርቶ በራሳችሁ ሳልም ትበሳጫለች። ዝምተኛ የነበረች ወፍ ደግሞ በድንገት ጠባይዋ ተለውጦ፣ ላባዋን ነፍታ፣ በተነፈሰች ቁጥር ጭራዋ ከፍ ዝቅ ካለ ትምህርቱን ተውትና ሐኪም ፈልጉ።

ከሁሉ የሚከብደው የሰዎቹ ነገር ነው። ለጋሼ «እባክዎ ወደ ወፏ አይዩ» ማለት፣ ለእትዬ «ሲስቁ ቀስ ይበሉ» ማለት ነውር ይመስላል። እኔ የማደርገውን ሹክ ልበላችሁ፦ ክልከላ አልናገርም፤ ሥራ እሰጣቸዋለሁ። «እትዬ፣ ይቺን ሱፍ እዚያ ዕቃዋ ላይ ጣል ያድርጉላትና ቁጭ ይበሉ፤ ከርስዎ እጅ ከበላች ዕድለኛ ነኝ» እላለሁ። ያኔ እንግዳዋ በዝግታ ትቀርባለች፣ ጎኗን ሰጥታ ትቀመጣለች፣ ድምጿም በራሱ ይለዝባል። ዣንጥላና ባርኔጣ በር ላይ ይቅር፤ አንዳንዷን ወፍ የሚያስደነግጣት ድምፁ ሳይሆን ከራስ ላይ የተቆለለው ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ይበልጥ ጠጋ በሉ፤ ይሄኛው ከበድ ይላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በሰው እጅ ለተፈለፈለች ወፍ ነው። አንዳንዴ በካርቶን ተይዛ «ከውጭ የመጣች ናት» ተብላ የምትቀርብ አረንጓዴ ወፍ አለች፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ሙሉ አረንጓዴ ናት፣ የክንፏ ውስጥ ጠቆር ይላል። እሷ ከውጭ አልመጣችም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ተወላጅ ናት፤ ሳይንስም የሚያውቃት እ.ኤ.አ. ከ1814 ጀምሮ ታራንታ በተባለ የተራራ መተላለፊያ ስም ነው። አዲስ አበባ ዛፎች ላይም፣ መናገሻ ጫካም ትገኛለች። ሌላው ፊቱ ቢጫ የሆነው ትልቁ በቀቀን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። እነዚህ ከጫካ ተይዘው ከመጡ የሰው ድምፅ ለእነሱ የተያዙበት ቀን ድምፅ ነው፤ በሱፍ ፍሬ የሚፋቅ አይደለም። ሕጉም አይፈቅድም፤ የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። እንዲህ ያለች ወፍ እጃችሁ ከገባች ወደ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውሉ። ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ የሚያስተዳድረው፣ ከሰው እጅ የወጡ የዱር እንስሳት ማገገሚያ የሆነው እንሰሳኮቴ ከኛ ሩቅ አይደለም፤ በዚሁ ወደ ሆለታ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ደግሞ የኛ አገር ወፍ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ አገሮች ተስማምተው ከዱር የተያዘውን መነገድ ከልክለዋል። «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወፏንም ወረቀቱንም ተዉለት።

አንድ የማይለወጥ ነገር አለ፤ እሱን ልትለውጡ አትድከሙ። ማለዳና ማታ ሁሉም በቀቀን ጥቂት ይጮኻል፤ መንጋ ሲነሳና ሲሰፍር የሚሰማ ጩኸት ነው፣ ከእንግዳ ጋር አይገናኝም። ተከራይ ከሆናችሁ ወፏን ከማስገባታችሁ በፊት ለአከራያችሁ ንገሩ። በኋላ ከመነጋገር ይሻላል።

ወሩን ሙሉ ያስተማራችኋት ወፍ ደግሞ ነሐሴ 13 ላይ ትፈተናለች። የቡሄ ልጆች ናቸው፤ ብዙ የማይታወቅ ድምፅ ባንድ ጊዜ፣ ዱላቸው መሬቱን እየደቃ፣ ከሩቅ ደግሞ ጅራፍ እየጮኸ። ለዚህ የሚሆን ትምህርት የለኝም። ገና ዋዜማው ላይ የጓዳውን ክፍል አዘጋጁላት፤ ከምሳ በኋላ አስገቧት፣ ሬድዮ በለሆሳስ ክፈቱላት፣ ሱፉን ዘርዘር አድርጋችሁ ከሥሯ ደብቁላት፤ ፈልጋ ስትፈለፍል ትዋል። ልጆቹን ሳሎን አታስጨፍሩ፤ ሙልሙሉንና ብሩን ይዛችሁ ወደ ግቢው በር ውጡ። ሦስት ሳምንት አለፍ ሲል አበባየሆሽ ይከተላል፤ የሴት ልጆች ድምፅ ነው፣ ከበሮ አለው እንጂ ዱላ የለውም። ብዙዎቹ ወፎች ይኼኛውን ከበረንዳ ሆነው ይሰሙታል።